‹ሲክ› ማለት ‹ተሳስቷል› ማለት ነው ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ወዳጆቼ እየተቀባበሉ የላኩልኝ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በጥቅስ መካከል በማዕዘን ቅንፍ ታጥራ ስለምትገባው የላቲን ቃል፣ ስለ ‹ሲክ› ነው። ጸሐፊው የሚሉት ሲጠቃለል፦ ቃሉ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ‹‹ተሳስቷል›› ነው፤ ‹ሲክ ትራንዚት ግሎሪያ ሙንዲ› በመሳሰሉት የታወቁ አባባሎች ውስጥ ያለው ግን ሌላ ቃል ነው፣ ከጣሊያኖቹ ‹ሲ› የመጣ ‹አዎ› ነው፤ የማተሚያ ቤት አራሚዎች ከሚጽፉት ‹ስቴት› ጋርም ልዩነት የለውም። ከዚህ ተነሥተው ለአማርኛ ጸሐፍት ምክር ይሰጣሉ። በምትጠቅሱት ጽሑፍ ላይ ከፊደል ሥርዐት የወጣ ቃል ባያችሁ ቁጥር [ሲክ] አስገቡ፤ በማትስማሙበት ሐሳብ ጎንም አስገቡ፤ ከፈለጋችሁም ‹‹[ስሕተት]›› ብላችሁ ተርጉሙት ይላሉ።

ምክሩ ባይኖርበት ኖሮ ዝም ባልኩ። ነገር ግን ምክሩን የተቀበሉ ሰዎች ረቂቅ እኔ ዘንድ ለአርትዖት መምጣት ጀምሯል፤ ገጹን ስትከፍቱ ከጥቅሱ ይልቅ ቅንፉ ይበዛል። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ።

ምህጻረ ቃል ነው የሚለው ቶሎ የሚያልቅ ነው። አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሦስቱን ፊደላት እየዘረዘሩ የፈጠሯቸው ማብራሪያዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ‹‹ስፔልድ ኢንኮሬክትሊ›› ነው ይላል፣ አጻጻፉ ተሳስቷል ለማለት። ሌላው ደግሞ ‹‹ስፔሊንግ ኢዝ ኮሬክት›› ነው ይላል፣ አጻጻፉ ትክክል ነው ለማለት። ሁለት ተቃራኒ ፍቺ ከአንድ ምህጻረ ቃል መውጣቱ ብቻውን ነገሩ የኋላ ፈጠራ መሆኑን ያሳያል። ቃሉ ሙሉ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ ሳይኖር ሮማውያን በየቀኑ ይናገሩት ነበር። በጥቅስ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ‹ሲክ ኤራት ስክሪፕቱም› ማለትም ‹‹እንዲህ ተጽፎ ነበር›› የሚለው አሳብ አጥሮ ነው ይባላል። ሙሉ ቃል ስለሆነም ከኋላው የምህጻር ነጥብ አይደረግለትም። የጽሑፉ ባለቤት ግን በየቦታው ነጥብ አስከትለውለታል።

ትርጉሙ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

‹ሲክ› ተውሳከ ግስ ነው፤ ‹‹እንዲህ››፣ ‹‹እንዲሁ››፣ ‹‹በዚህ አኳኋን›› ማለት ነው። ስለ ስሕተትም ስለ ትክክልም በውስጡ አንዳች ነገር የለም። የቃሉ አሠራር ራሱ ይህን ይናገራል። ጫፉ ላይ ያለችው ‹ክ› ላቲን አንድን ነገር ለመጠቆም የሚቀጥላት ‹ኬ› የምትባል ቅጥያ ቅሪት ናት። ‹ሂክ› በሚለው፣ ማለትም ‹ይህ›፤ ‹ኑንክ› በሚለው፣ ማለትም ‹አሁን›፤ ‹ቱንክ› በሚለውም፣ ማለትም ‹ያኔ›፣ ጫፍ ላይ ያለችው እሷው ናት። አማርኛም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ‹እንዲህ› ሲበተን ‹እንደ› እና ‹ይህ› ነው። የግዕዙ ‹ከመዝ› ሲበተን ደግሞ ‹ከመ› እና ‹ዝ›፣ ያው ‹እንደ› እና ‹ይህ› ነው። ሦስቱም ቃላት በጣት ያሳያሉ እንጂ ያሳዩት ነገር ይመር ይጣፍጥ አይናገሩም።

ማረጋገጥ የፈለገ የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 ይክፈት። ቩልጌት በሚባለው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ የሚጀምረው ‹‹ሲክ ኤኒም›› ብሎ ነው። ግዕዙ ‹‹ከመዝ›› ይላል። ብዙዎቻችን በቃላችን የምንወጣው የ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም ደግሞ ‹‹ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና›› ይላል። ላቲኑ ሲክን ባስቀመጠበት ቦታ አማርኛው ያስቀመጠው ‹እንዲሁ›ን ነው። በጸሐፊው ፍቺ ብንሄድ እግዚአብሔር ዓለሙን ተሳስቶ ወደደ ልንል ነው፤ ይቅር ይበለን።

በነገራችን ላይ ይህችን ‹እንዲሁ› ብዙ ሰባኪ ‹‹ያለ ምክንያት፣ በነጻ›› ብሎ ይፈታታል፤ ‹‹እንዲሁ ወደደኝ›› የሚለው አነጋገርም ከዚያ የመጣ ነው። የአማርኛው ቃል ይህን መሸከም ይችላል፤ ‹‹ምን ፈልገህ መጣህ?›› ሲባል ‹‹እንዲሁ መጣሁ›› እንላለንና። የግሪኩ ‹ሁቶስ› ግን እዚያ ቁጥር ላይ የሚለው ‹‹በዚህ ዓይነት፣ አንድያ ልጁን እስከ መስጠት›› ነው። የሚገርመው ላቲኑም እንደ አማርኛው ሁለቱንም ትርጉም ያውቃል። ባለቅኔው ሆራስ ወዳጁን ከዛፍ ጥላ ሥር ‹‹ሲክ ቴሜሬ›› ተጋድመን ወይን እንጠጣ ሲለው፣ ‹‹እንዲሁ በዘፈቀደ›› ማለቱ ነው። ላቲንን ያህል ሩቅ ቋንቋ በዚህች ትንሽ ቃል ላይ እንዲህ ከአማርኛ ጋር መግጠሙ ለአማርኛ ጸሐፊ ደስ ሊያሰኘው በተገባ፤ ጸሐፊው ግን ወደ እንግሊዝኛ ዞረው ምህጻረ ቃል ፈለጉ።

በአባታችን ሆይም ውስጥ አለች። ‹‹ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁ በምድር ትሁን›› የሚለውን ላቲኑ ‹ሲኩት› በምትል ቃል ያስረዋል፤ እሷም ‹ሲክ› እና ‹ኡት› ተጋጥመው የሠሯት ናት። ‹ኡት› ‹እንደ› ነው።

አሁን ወደ ‹አዎ› እንለፍ። ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ አቅጣጫው ግን ተገልብጦባቸዋል። ሲክ ከጣሊያንኛው ‹ሲ› አልመጣም፤ ጣሊያንኛው ነው ከሲክ የመጣው። የስፓኝ ‹ሲ› እና የፖርቱጋል ‹ሲም›ም ከዚያው የወጡ ናቸው። ላቲን ራሱ እንደ ‹አዎ› ያለ አንድ የተወሰነ ቃል አልነበረውም። ሮማዊ ‹‹መጣህ?›› ሲባል ‹‹መጣሁ›› ብሎ ግሡን ይመልስ ነበር፤ ወይም ‹ኢታ›፣ ወይም ‹ኤቲያም›፣ ወይም ‹ሲክ› ይል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ161 ዓመት በሮም መድረክ ላይ በታየው የቴሬንስ ‹ፎርሚዮ› ተውኔት ውስጥ አንዱ ‹‹ልጅቱን ብቻዋን ትቷት ሄደ?›› ብሎ ይጠይቃል፤ አሽከሩ ‹‹ሲክ›› ብሎ ይመልሳል። እኛ ‹‹እንዲያ ነው›› እንደምንለው ማለት ነው። ቴሬንስ፣ እንደሚነገረው፣ ከካርቴጅ በባርነት ወደ ሮም የመጣ አፍሪካዊ ነው፤ ይህን የጻፍኩት ለነጥቡ ስለሚያስፈልግ አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዘመናት ሲያልፉ ‹‹እንዲያ ነው›› ወደ ‹‹አዎ›› ዞረ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ‹ክ›ም ጠፋች። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሕዝብ ቋንቋ በጻፈው ድርሳን ከላቲን የወጡትን ልሳናት በ‹አዎ›አቸው ይከፍላቸዋል፦ ‹ኦክ› የሚሉ፣ ‹ኦይል› የሚሉ፣ ‹ሲ› የሚሉ። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ላንግዶክ የሚባለው አገር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፣ የ‹ኦክ› ቋንቋ አገር ማለት ነው። የዛሬው የፈረንሳይኛ ‹ዊ› ደግሞ ‹ኦይል› የሚለው ተለውጦ ነው። ፈረንሳዮች ‹ሲ›ንም አልጣሉትም፤ ‹‹አልመጣህም እንዴ?›› ለሚል ጠያቂ ‹‹ኧረ መጥቻለሁ›› ብለው ለመመለስ ያገለግላቸዋል።

ስለዚህ በታወቁት አባባሎች ውስጥ ያለችው ሲክ ሌላ ቃል አይደለችም። ‹አዎ› ብላችሁ ብትተረጉሟትም አረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ‹ሲክ ትራንዚት ግሎሪያ ሙንዲ› የሚባለው አዲስ የሮም ፓፓ ዘውድ ሊጭን ሲሄድ ነበር። ሥርዐቱን የሚመራው ሰው በዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ የተልባ ጭረት በፊታቸው ያነድዳል። ጭረቱ ቦግ ብሎ ወዲያው ሲጠፋ፣ ‹‹ቅዱስ አባት ሆይ፣ የዓለም ክብር እንዲህ ያልፋል›› ይላቸዋል፤ ይህም ሦስት ጊዜ ይደገማል። በ1963 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዘውድ የጫኑት ጳውሎስ 6ኛ በዚህ ሥርዐት የመጨረሻው ሆኑ። በዚህ አባባል ውስጥ ሲክ የምትጠቁመው ዓይን ያየውን ነው፣ ያንን የጠፋውን ነበልባል። እሳቱ ከሌለ ‹‹እንዲህ›› የሚለው የሚያሳየው ነገር የለውም።

‹ሲክ ሴምፐር ቲራኒስ›ም እንዲሁ ናት። በ1776 የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ማኅተሟን ስትሠራ፣ ወድቆ የተዘረረ አምባገነን ላይ እግሯን ያሳረፈች ሴት ሥላ ከሥር ይህን ጻፈች። ‹‹ለአምባገነኖች ሁልጊዜ እንዲህ›› ማለት ነው፤ እንዲህ እንዴት? ሥዕሉን ተመልከት። ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ጆን ዊልክስ ቡዝ በፎርድ ቴአትር ፕሬዚዳንት ሊንከንን ተኩሶ ሲመታ ይህንኑ መፈክር ጮኾ ተናግሯል፤ እሱ ‹‹እንዲህ›› ሲል የጠቆመው የራሱን ሽጉጥ ሥራ ነበር።

በጥቅስ ውስጥ የምትገባውም ሲክ ይህችው ጠቋሚ ናት። ከፊቷ ያለውን ቃል ታሳይና ‹‹እንዲህ ነው ያገኘሁት›› ትላለች። የምትመሰክረው ጠቃሹ በታማኝነት መገልበጡን ነው፤ የተጠቀሰው ሰው ላይ ፍርድ አትሰጥም። እማኝ እንጂ ዳኛ አይደለችም።

ከ‹ስቴት› ጋር አንድ ናት ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። ስቴት ግስ ነው፤ ‹‹ይቁም›› ማለት ነው። አራሚ አንድ ቃል ከሰረዘ በኋላ ሲጸጸት ከሥሩ ነጠብጣብ አድርጎ በጠርዙ ላይ ስቴት ይጽፋል። የሚናገረው ለማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ነው፤ መጽሐፉ ሲታተም ትጠፋለች። ሲክ የምትናገረው ለአንባቢ ነው፤ በታተመው ገጽ ላይም ትቀራለች።

አሁን ወደ ምክሩ። ሲክ መቼ ታስፈልጋለች? የአንድ ሰው የጉዞ ማስታወሻ እየጠቀሳችሁ ነው እንበል። ማስታወሻው ‹‹ጥር 31 ቀን ማለዳ ተነሣን›› ይላል። ጥር 31 የሚባል ቀን የለንም፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው። እንዳለ ብታትሙት አንባቢ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እናንተን ነው፤ 21 ወይም 30 ሊል ፈልጎ ጣቱ ስቶት ነው ይላል። በራሳችሁ ሥልጣን 30 ብላችሁ ብታቃኑት ደግሞ ነገር ታጠፋላችሁ። ሰውዬው ወሩን በእኛ ስም ጠርቶ ቀኑን በፈረንጅ ቈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ጃንዋሪ 31 ማለቱ ከሆነ የተነሣው አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ጥር 23 በሚውልበት ቀን ነው። ከሌላ ሰነድ ጋር የሚያመሳክር ተመራማሪ ይህን የሚያገኘው ያቺ 31 ሳትነካ ከቈየችለት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ‹‹ጥር 31 [ሲክ] ቀን›› ማለት ሁለቱንም ያድናል።

ሲክ የማታስፈልግበት ቦታ ግን ይበልጣል። ከላይ የጠቀስኩትን ‹‹ወዶአልና›› እዩ። ዛሬ ‹‹ወዷልና›› ብለን እንጽፈዋለን። በጸሐፊው ምክር መሠረት እዚያ [ሲክ] መግባት ነበረበት፤ እኔ አላስገባሁም፣ አንባቢዬም ተሳስቷል ብሎ አላሰበም። ‹‹መጥቶአል››፣ ‹‹ሰጥቶአል›› የዚያ ዘመን ኅትመት የተለመደ አጻጻፍ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ወይም የቆየ ደብዳቤ በሰፊው የሚጠቅስ ሰው መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ‹‹አጻጻፉ እንዳለ ተይዟል›› ይበልና ይገላገል።

የፊደል ሥርዐቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ‹ዓለም› እና ‹አለም›፣ ‹ንጉሥ› እና ‹ንጉስ›፣ ‹ፀሐይ› እና ‹ጸሃይ› ጎን ለጎን የሚታተሙበት ቋንቋ ነው ያለን። ሞክሼ ሆሄያቱ ይቀነሱ ያሉም፣ የግዕዙ ሥር ይጠበቅ ያሉም ትውልድ ተሻግረው ተከራክረዋል፤ ሁሉን ያስገደደ ውሳኔ ግን አልጸናም። እኔ ራሴ ‹ሠ› እና ‹ዐ› የምጠብቅ ወገን ነኝ። ቢሆንም ‹‹ንጉስ›› ብሎ የጻፈውን ሰው ጠቅሼ [ሲክ] ባስገባ፣ የማሳየው የእሱን ስሕተት ሳይሆን የራሴን ምርጫ ነው። የቺካጎው የአጻጻፍ መመሪያ እንኳ፣ እንግሊዝኛን ያህል አንድ ወጥ አጻጻፍ ያለው ቋንቋ ይዞ፣ ከዛሬ ጽሑፍ ሲጠቀስ ግልጽ የሆነ የትየባ ግድፈት በዝምታ እንዲታረም ይፈቅዳል።

ጨዋነትም አለ። ልጇ ዐረብ አገር ሄዳ የቀረችባት እናት ‹ልጄ› ለማለት ‹ልጀ› ብላ ጽፋለች እንበል። ደብዳቤዋን የሚጠቅስ ጋዜጠኛ በየመስመሩ [ሲክ] ቢደረድር ማንንም አይጠቅምም፤ አንባቢን ከሐዘኗ ነጥሎ ወደ ፊደሏ ይወስደዋል። በዚህ ብቻ ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ሲክ ብዙ ጊዜ ለማዋረድ ሥራ ላይ ውላለች፤ ልዩነታችን እሳቸው ይህን የቃሉ ትርጉም አድርገው መውሰዳቸው ነው።

በማትስማሙበት ሐሳብ ጎን አስገቡ የሚለው ከሁሉም የከፋው ምክር ነው። አንድ ተናጋሪ ‹‹አዲስ አበባ በ1900 ዓ.ም. ስትቆረቆር›› ቢል፣ ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. መቆርቆሯን የሚያውቅ አንባቢ የእኔ ግድፈት ይመስለዋልና ሲክ ቦታ አላት፤ ዓመቱን በግርጌ ማስታወሻ ማቃናት ግን የበለጠ ይረዳል። ተናጋሪው ‹‹ከአዲስ አበባ የሚያምር ከተማ የለም›› ቢል ግን ያለውን በትክክል እንደ ገለበጥኩ ማንም አይጠራጠርም። ካልተስማማሁ ጥቅሱን ዘግቼ በራሴ አረፍተ ነገር መሟገት ነው ያለብኝ። በቅንፍ ተደብቆ መንቀፍ ለተነቀፈው ሰው መልስ መስጫ አይተውለትም።

ሌላ አንድ ነገር፣ ጸሐፊው ሲክ ከእኛ መጻሕፍት ጋር ግንኙነት የሌላት እንግዳ ናት ብለዋል። የግዕዝ መጻሕፍት በአውሮፓ የታተሙት በአብዛኛው በላቲን መግቢያና በላቲን ማስታወሻ ታጅበው ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሉዶልፍ የኢትዮጵያዊውን የአባ ጎርጎርዮስን ትምህርት ይዞ በ1681 (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን ነው፤ ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ ዲልማን በ1865 ያወጣው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው በላቲን ነው። በ1903 የተጀመረው የምሥራቅ ክርስቲያን ጸሐፍት ተከታታይ ኅትመትም የግዕዝ ገድላትንና ዜና መዋዕሎችን ከላቲን ትርጉም ጋር አውጥቷል። እንዲህ ባሉ ኅትመቶች ግርጌ አንዲት ያልተለመደች የግዕዝ ንባብ ጎን ሲክ ተጽፋ ስትገኝ፣ አሳታሚው ለቁም ጸሐፊው ያለው ክብር አልጎደለም። ‹‹ብራናው ላይ ያለው ይህ ነው፣ እኔ አልነካሁትም›› ማለቱ ነው።

በመጨረሻም ‹‹[ስሕተት]›› ብላችሁ ተርጉሙት ስለሚለው። ይህ የማን ስሕተት እንደ ሆነ አይናገርም። አንባቢው የለቃሚ ማስታወሻ ሳይነሣ የታተመ ሊመስለው ይችላል። በአማርኛ መተካት ከተፈለገ እኔ ‹እንዳለ›ን እመርጣለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ጽሑፍ የሚያስገለብጥ ሰው ሁሉ ‹‹እንዳለ ገልብጠው›› ነው የሚለው። ‹እንዲሁ› ለፍቺው የቀረበ ቢሆንም ‹‹ያለ ምክንያት›› የሚለው ትርጉሙ በቅንፍ ውስጥ ሲገባ ያደናግራል። ‹‹ጥር 31 [እንዳለ] ቀን›› ተብሎ ሲጻፍ መጀመሪያ በገባበት ገጽ ግርጌ አንድ መስመር ማብራሪያ ይጨመርለት። ‹ሲክ›ን ማቆየት የሚፈልግም ያቆያት፤ በማዕዘን ቅንፍ፣ ያለ ነጥብ፣ ከቃሉ በኋላ ወዲያው፣ ትምህርተ ጥቅሱ ሳይዘጋ።